ዝም ያለውን የማያይ ዓይን

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ፣ ለቁንጥንጤ፤

ሰላምታዬ እንደዚህ ሰፈር ጎረቤት ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ይግባልሽ። ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ፤ ከበዛብሽ ደግሞ ለጉልበቴ የሚሆን ትንሽ ቆንጥረሽ ላኪልኝ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት። ክረምት መግቢያ ላይ ከወደቀች ወዲህ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው እንጂ ምላሷ አልወደቀም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሻዩን አቅጥነሃል ብላ ከመኝታ ቤት እስከ ሱቄ በሚሰማ ድምፅ ወርዳብኛለች።

ሥራዬ እንደምታውቂው ነው። የፊት ለፊቷ ክፍል ዛሬም በማራገቢያ፣ በካውያና በሬዲዮ ሬሳ ተሞልታለች። ትናንት አንድ ሰውዬ ማራገቢያ ተሸክሞ መጥቶ «ነፋሱ አረጀ» አለኝ። ፈትቼ ባየው ክንፎቹ ላይ የተቆለለው አቧራ ሽንኩርት ያበቅላል። ጠርጌ መለስኩለት፤ እስኪወጣ ድረስ ግን ፊቴን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም አኮሳትሬ ነበር።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። ሰዉ ሁሉ ምን እንደምትሠሪ ይጠይቀኛል። «ለማሽን ዓይን ታበጃለች» አልኩ። ያቺ ጎረቤታችን ወሬኛዋ ይህን ሰምታ «መነጽር ቤት ተቀጠረች» ብላ መንደሩን አዳረሰች። ይኸውልሽ፣ ሁለት ሰዎች ፍሬም አዝዘውሻል፤ አንዱ ክብ ይሁንልኝ ብሏል። እባክሽ ሥራሽን እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ጻፊልኝ። ትምህርት ቤት ባልዘልቅም ከተበላሸ ዕቃ ብዙ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቀጫጭን ካቻቢቴም ብትልኪልኝ እጅሽ ይባረክ፤ የዘንድሮ ብሎኖች የተሠሩት ለጉንዳን ነው።

እናትሽ «ብርድ እንዳይመታት» ብላለች። አንዴ አይደለም፣ ደብዳቤውን እስክጨርስ ስትደጋግመው ነበር።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 6

ለምወድዎት ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩትና ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ከአጠገቤ ራቅ እያሉ አለፉ። ካቻቢቴዎቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርሳሉ። መነጽሮቹን ግን አልችልም፤ ክቡንም ጭምር።

ስለ ሥራዬ። ተራ ካሜራ ያየውን ሁሉ፣ ግድግዳውንም ወንበሩንም፣ በየቅጽበቱ እንዳለ ጠቅልሎ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩም ያንኑ ግድግዳ እየደጋገመ ሲመረምር ይውላል። ጉልበት ይጨርሳል፣ ይዘገያልም። የሰው ዓይን እንዲህ አይባክንም። ከዓይናችን በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ራሱ ያጣራል፤ ለአንጎል የሚያቀብለው የሚያስፈልገውን ነው። የእኛ ቺፕ ከዚያ የተማረ ነው። ጥፍር የምታክል ናት፤ ላይዋ ላይ ብዙ ሺህ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚናገረው ያረፈበት ብርሃን ሲለወጥ ብቻ ነው። ካልተለወጠ ዝም ይላል። ነጥቦቹ የተናገሩትን አገናኝቶ «ሰው አለፈ»፣ «ሰው ወደቀ» ብሎ የሚፈርደውም እዚያው ቺፑ ላይ ነው። ምስል የሚባል ነገር ከቤት አይወጣም፤ አብሮት በተገጠመ ሲም ካርድ የሚወጣው ፍርዱ ብቻ ነው።

ያሰብነው ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ነው። አለቃዬ «ላብራቶሪ ውስጥማ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ሰው በሚኖርበት ቤት ይፈተን» አለ። እኔም የእናቴ ቤት አለ አልኩ። በሚቀጥለው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚያ በኩል ስለምታልፍ ይዛልዎት ትመጣለች።

አሁን ሳይቀልዱ የሚመልሱልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሥራ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጥዬ ብመጣ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፤ ተመልሼም አልገባበትም። ቢሆንም እማዬ መነሳት አቅቷት ከሆነ ሥራውን ትቼ እመጣለሁ። ስደውል «ተኝታለች» ይሉኛል። ደግሜ ስደውል «ጎረቤት ሄዳለች» ይሉኛል። ያ ስልክዎ ደግሞ ከመጮህና ከመዘጋት በቀር ሌላ ሙያ የለውም፤ ፊቷን እንኳ ሊያሳየኝ አይችልም። በእግሯ ትሄዳለች ወይ? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

እማዬን እጇን ይሳሙልኝ። ዓይኔ ላይ ውል እያለችብኝ ተቸግሬያለሁ።

ቁንጥንጤ

*

ኅዳር 20

ለቁንጥንጤ፣ የዓይን ባለቤት ለሆንሽው፤

የላክሽው ሰላም እኛን አልፎ ለጎረቤት ተርፏል፤ ፈጣሪ አንቺንም እንዲሁ ያትረፍርፍሽ። ባልደረባሽ ዕቃውን በሰላም አድርሳለች። እናትሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትመረምራት ልጅቷ ፈተና የወደቀች መስሏት ነበር። ደህና ልጅ ናት፤ ግን እንዳንቺው ከስታለች። እዚያ አገር ምግብ የሚባል ነገር የለም እንዴ?

ዓይንሽን ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይ፣ ከበሩ በላይ ሰቅያታለሁ። እናትሽ በመጀመሪያ አልቀበልም አለች።

«ልብሴን ስቀይር ብታየኝስ?»

«እትዬ፣ ምስል አትልክም ተብሏል። ሰው ማለፉን ብቻ ነው የምትናገረው።»

«መልኬን ካላየች ታዲያ ምኑን ዓይን ሆነች?»

ለዚህ የሚሆን መልስ ከአንቺ ዘንድ ከተገኘ ጻፊላት።

እኔ ደግሞ ያው አመሌ ነው፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ሲመሽ ፊቷ ሄጄ ተገተርኩ። ያቺ ትንሽ መብራቷ መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ አለች፤ ዝም ብዬ ስቆም ጠፋች። ጆሮዬን ሳክ በራች። ደግሞ ደረቅሁ፤ ጠፋች። ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ወሬኛዋ ጎረቤታችን። ሰላም ውለን ሰላም ስናድር ደጃችንን አትረግጥም። አንድ ሳህን ከእጃችን ወድቆ ከተሰበረ ግን ስብርባሪው ሳይረጋ ትደርሳለች። ይህን ለመሥራት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? እሷን በነጻ እንልክልሽ ነበር።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ ልጄ፣ ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። አሁን እዚሁ ቤት ውስጥ ዓይን አለሽ። እኔን ከመጠየቅ እሷን ጠይቂ።

እናትሽ ስማሻለች። «ብርድ» ልትል ስትጀምር ደብዳቤው ሞልቷል አልኳት።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 11

ለጋሼ እና ለእማዬ፤

ቤታችሁን በሰላም ይሙላላችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። እማዬ ትሄዳለች። ጋሼ፣ ይሄን በአፍዎ ቢነግሩኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

እኔ ጋ የሚደርሰው ቃል ብቻ ነው። «ሰው አለፈ፣ ወደ ማዕድ ቤት።» ቆየት ብሎ «ሰው አለፈ፣ ወደ መኝታ ቤት።» ሥራ ቦታዬ መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ስውል፣ ከጎኔ ያለው ስክሪን ላይ ያ ቃል ብቅ ሲል እኔም ከእሷ ጋር ኮሪደሩን አቋርጣለሁ። ውሃ ልትጠጣ ነው እላለሁ። አሁን ደግሞ ጋሼን ልትቆጣ ነው እላለሁ። ባልደረቦቼ ለብቻዬ ሳወራ ለምደውኛል። ትናንት ምሳዬን እበላ ነበር፤ «ሰው አለፈ» ሲል «እማዬ፣ ቀስ በይ» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ሹካውን አስቀመጠ።

አለቃዬም ደስ ብሎታል። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ የሚያሳየው የእናንተን ቤት ነው፤ ከተሰቀሉት ሁሉ እንደ እሱ ሳያርፍ የሚናገር የለም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ትንሽ ገርሞኛል። ድሮ እማዬ ኮሪደሩ መሃል ቆማ የበሩን መቃን ይዛ ወሬ ትጀምር ነበር። አሁን ሳትቆም ነው የምታልፈው። ጎብዛለች ማለት ነው፤ ግድግዳም መያዝ ትታለች።

እማዬ፣ ስለ መልክሽ ለጠየቅሽው፣ ይህቺ ዓይን ባታየውም መልክሽን እኔ አልረሳሁትም፤ ለጊዜው ይብቃን። ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ልጃችሁ

*

የካቲት 2

ለቁንጥንጤ፤

ዝምታዬ ረዝሞ እንዳስቀየመሽ አውቃለሁ። በረከቱን ያብዛልሽ፤ ቅያሜሽን ደግሞ ያሳጥረው። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሙቀቱ ብሶ የከተማው ማራገቢያ ሁሉ የተመካከረ ይመስል አንድ ላይ ተበላሸ። ስልኩም ተበላሽቷል። የራሱን ስልክ የማይጠግን ጠጋኝ ነው እንዳትይ፤ ያንን ጎረቤቶች ብለውልኛል።

እናትሽ ደህና ናት። ምግብ ትንሽ ቀንሳለች፤ ሙቀቱ ነው።

አሁን ደግሞ የማስቸግርሽ ነገር አለኝ። ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት፣ በአየር የሚሞላ፣ ከሥር እየተነፈሰ ጀርባን የሚያሳርፍ ፍራሽ አለ አሉ። ወገቤ እየከዳኝ ስለሆነ እሱን ብታገኚልኝ። ደግሞ ብዙ ተኝቶ ለቆሰለ ቆዳ የሚቀባ ደህና ነገር ካለ አብረሽ ላኪ። እሱም ለእኔው ነው።

አንድ ጥያቄ ከእናትሽ፤ ይህቺ ዓይን ቀለም ትለያለች ወይ? ለምን እንደፈለገችው እኔ አላውቅም።

አጎትሽ

*

የካቲት 19

ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ፍራሹንም ቅባቱንም ልኬአለሁ። ለማን እንደሆኑ አውቃለሁ።

እርስዎ በሕይወትዎ ከእኩለ ቀን በፊት ጋደም ብለው አያውቁም። ብዙ ተኝተው ሊቆስሉ አይችሉም። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ወደ ሥራ ቦታ ሮጥኩ። ከቺፑ የሚመጣልኝ ፍርዱ ብቻ ስለነበር እስካሁን ከፍርዱ ጀርባ ያለውን አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነጥቦቹን ራሳቸውን ላኪልኝ ብዬ አዘዝኳት።

ጋሼ፣ የምትሄደው እናቴ እግር የላትም።

ሰው ሲራመድ ነጥቦቹ ከታች በኩል ሁለት ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ ሲቀድም አንዱ ይከተላል። የእርስዎ ሰው ግን ከትከሻው እስከ ጫፉ አንድ ላይ ነው የሚወዛወዘው። ወደ ማዕድ ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ አንድ ነገር ረስቶም መሃል ላይ አይዞርም። ከታች ደግሞ እንደ ጨርቅ ጫፍ ይርገበገባል። ምን እንደሆነ ለማወቅ የጠጋኝ የእህት ልጅ መሆን ይበቃል። አንገቱን እያዞረ የሚነፍስ ማራገቢያ ነው። ፊቱ የሰቀሉት ምንድነው? የእማዬ ቀሚስ ነው?

አለቃዬ ያንን ቀሚስ ላብራቶሪውን ሊጎበኙ ለመጡ እንግዶች አሳይቷል። «በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል የምትንቀሳቀስ እናት» አለ። አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ለሁለት ቀን እርስዎን ተቆጥቼ ሰነበትኩ። ከዚያ ቁጣው ወደ ራሴ ዞረ። የተኛን ሰው የማያይ ዓይን ሠርቼ፣ እናቴን ጠብቅልኝ ብዬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ማለፏን የሚነግረኝ ቃል ደስ ስላሰኘኝ ከቃሉ ጀርባ ማየት አልፈለግሁም።

አሁን እባክዎን ዓይኗን ከኮሪደሩ አውርደው ከእማዬ አልጋ ፊት ይስቀሉልኝ። ትንሽ ለውጥም እንድትሰማ አድርጌ ከዚህ ሆኜ አስተካክያታለሁ፤ ትንፋሽ ብርድ ልብሱን ሲያነሳው እንኳ መለየት አለባት። ደግሞ ያንን የጥቅምቱን ጥያቄዬን ይመልሱልኝ። አራት ወር ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

*

የካቲት 28

ለልጄ፤

ዛሬ በምርቃት የምጀምርበት አፍ የለኝም፤ አንቺው መርቂኝ።

ትሄዳለች ወይ ላልሽኝ፣ አትሄድም። ባልደረባሽ የመጣች ቀን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትራስ ደግፌ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። የጥቅምቱ ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ጀምሮ አልተነሳችም። ሐኪሙ የዳሌዋ አጥንት እንዳልገጠመ ነገረን፤ አሁን ደግሞ ልቧም ደክሟል ይላል። ስንት ጊዜ ይቀራታል ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱም ደግ ሰው ስለሆነ አልነገረኝም።

የጥቅምቱን ደብዳቤሽን ሳነብላት ያቺን ጥያቄሽን ዘለልኳት። «ምን ዘለልክ?» አለች። «ምንም።» «ስትዘል ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፤ መልሰህ አንብብ።» አነበብኩላት። «ልጄ ሥራዋን በእኔ ምክንያት ጥላ ከመጣች አንተንም አላናግርህ፣ እሷንም አላናግራት» አለች። እህቴን ታውቂያታለሽ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትቆጣ ጠረጴዛ ሥር የምገባ ሰው ነኝ፤ አሁን ሽበት ስላወጣሁ አልገባሁም እንጂ ቦታው አማረኝ።

ማራገቢያው የእኔ ሐሳብ ነው። መብራቷ ለምን እንደምትበራ ካወቅሁ በኋላ እጄ አላርፍ አለ። መጀመሪያ የራሴን የሥራ ካፖርት መስቀያ ላይ ሰቅዬ ሞከርኩ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና በተከፈተው በር አየችውና «ምንድነው ይሄ? ልጄ እኔን የምታየኝ በዚህ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ነው?» አለች። ቁም ሣጥኑን አስከፍታ ያንን አረንጓዴውን፣ አንቺን የሸኘችበትን ቀሚስ አስወጣችኝ። ምስል አይሄድም፣ ቀለምም አይሄድም ብላት አልሰማ አለችኝ። በየሳምንቱ ካውያ ታስመታኛለች። ወንድሟን ካውያ ጠጋኝ ብቻ አድርጋ አልተወችም፤ ተኳሽም አደረገችኝ። ይኸውልሽ፣ እንግዶቹ ያጨበጨቡለት ቀሚስ ቢያንስ የተተኮሰ ነበር።

ዓይንሽን አልጋዋ ፊት ሰቅያታለሁ። ነገሩን ስነግራት ትቆጣለች ብዬ በሩን ይዤ ነበር የቆምኩት። አልተቆጣችም።

«አሁን እኔን ነው የምታየኝ?»

«አንቺን ነው፤ ግን ካልተንቀሳቀስሽ ብዙም አትታያትም።»

ያንን እንደሰማች ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና አነሳች። ክብደቱን ከፊቷ አየሁት። ወደ ዓይንሽ አቅጣጫ እንዲህ እንዲህ አደረገችው። ሲደክማት ወደቀ። ጥቂት አርፋ ግራውን አነሳች። «በቃሽ እትዬ፣ ትንፋሽሽንም ታያለች እኮ» አልኳት። «ትንፋሽ ሰላምታ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስትነቃ የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነው። እንቅልፍ ሲጥላት ራሱ «አሁን ጠፋሁባት» እያለች ትነቃለች።

ወሬኛዋ ጎረቤታችን ያልጠበቅሁትን እያደረገች ነው። ወሬ በሌለበት ትመጣለች፤ ከእናትሽ ጎን ቁጭ ትላለች፤ ምንም ሳትናገር ውላ ትሄዳለች። እኔም ስድብ ፈልጌላት አጣሁ።

እናትሽ ይህን ደብዳቤ ስታዳምጥ ነበር፤ አሁን ግን እንቅልፍ ወስዷታል። ስለዚህ እሷ የማትሰማውን አንድ ቃል ልጨምር። ከሥራሽና ከእናትሽ ምረጪ የሚል ሰው ደግ አይደለም፤ እኔም ደግ ነኝ ብዬ አላውቅም። ነይ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 9

ለጋሼ፤

ለእማዬ ያደረጉላትን ፈጣሪ በጤናና በሳቅ ይመልስልዎት። ካውያ የመቱበትንም ጭምር።

አየኋት። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ነጥቦቹ በስሱ ይበራሉ፤ ሲወርድ ደግሞ ከሌላው ወገን ይበራሉ። አንዳንዴ በመሃል ይዘገያል፤ ያኔ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጇ። ስክሪኑ እስከ ግማሹ ድረስ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ይረግፋል። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ «ይህ ምንድነው?» አለኝ። «እናቴ ናት፤ ሰላም እያለችኝ ነው» አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለታችንም እጇ እስኪወርድ ጠበቅን።

ስለ ቀሚሱም ነገርኩት። ለእንግዶቹ ራሱ ጽፎ እንደሚያስረዳ ቃል ገባልኝ። ቦታዬን ግን ሊያቆይልኝ አይችልም፤ ደንቡ ከእጁ ውጭ ነው። የቀረውን ሥራ ባልደረባዬ ትወስደዋለች። ትናንት ጠረጴዛዬን አስረከብኳት። ማይክሮስኮፑን ስሸፍን አላለቀስኩም፤ ስክሪኑን ሳጠፋ ግን አልቻልኩም፤ እማዬ ገና እጇን አላወረደችም ነበር።

ይህ ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ከደረሰ፣ እማዬን እጇን ታሳርፍ ይበሉልኝ። ለእኔ ብላ እንዳትደክም። ብትቆጣም ትቆጣ፤ ሁለታችንንም ከእሷ ቁጣ ማስጣል የእኔ ፋንታ ነው። ጠረጴዛው ሥር ቦታ ካለ አብረን እንገባለን።

በሩን አይቆልፉብኝ። ስደርስ ተኝታ ከሆነም አይቀስቅሷት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያታለሁ።

ቁንጥንጤ